ያልታዘዘው ማብሪያ

ሻለቃ ጓንጉል የካምፑን ሰው አሰልፈው፣ «ያላዘዝኩትን ነገር የነካ ይታሰራል!» ብለው ደነፉ። በማግስቱ አንድ ጄኔራል ለጉብኝት መጡ። ሻለቃው «ጄኔሬተሩ ይነሳ!» ሲሉ የጄኔሬተሩ ጠባቂ፣ አንድ ሽማግሌ፣ አስነሳው። ሞተሩ አጓራ፣ ጨሰ፤ መብራት ግን የለም።

ሻለቃውን ላብ አጠመቃቸው። «አንተ ሽማግሌ! ይሄ ሻጥር ነው። ጥፋተኛውን አሁኑኑ ካላወጣህ የምትታሰረው አንተ ነህ!»

ሽማግሌው ኃይሉን ወደ መስመር የሚለቀውን ማብሪያ በጣቱ አሳያቸው። እንደተዘጋ ነው።

«ጥፋተኛው ይኸውልዎት ጌታዬ። ሞተሩ ይነሳ አሉ፣ ተነሳ። እሱን ግን አላዘዙትም፤ ቁጭ ብሎ ትእዛዝ ይጠብቃል። በዚህ ካምፕ ዞር ሲሉ እንኳ የሚያከብርዎ እሱ ብቻ ነው። እንግዲህ ጄኔራሉ ባሉበት ይፍረዱ፤ ይታሰር ወይስ ይሾም?»