ለኋላ በር የሚሆን ጨርቅ

የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ ድንበሩ በላንድክሩዘራቸው እየከነፉ ባለፉ ቁጥር፣ ገበያተኛው ሁሉ አቧራ ሲቅም ይውላል። አንድ ቀን የመኪና ልብስ ወደምትሰፋ ሴት ጎራ አሉ።

«ለኋላው በር ልብስ ስፊልኝ። ከኋላዬ ያለው ሕዝብ አይቶ የሚያመሰግነኝን ጨርቅ ምረጪ። ካላመሰገነኝ ሱቅሽ ይታሸጋል» አሏት።

ሴትየዋ ጨነቃት። ቆዳ ብትመርጥ ዝናብ ያበላሸዋል፤ ሸራ ብትመርጥ ናቀችኝ ይላሉ። ሁለቱንም ዳብሳ አስቀመጠችና ስስ ሻሽ አወጣች።

«ይሄ ነው፣ ጌታዬ።»

«መኪና በሻሽ ይሸፈናል እንዴ?»

«መኪናውማ ምን ሆነ ብለው ነው? ቆራርጠን ከኋላዎ ላለው ሕዝብ እናድለው። አፍንጫውን ይሸፍንበትና ያመሰግንዎታል።»