ከግድግዳው ሥር ያሉት ችግኞች

አንድ ገበሬ ነበረ፣ ደጋ አገር የሚኖር። ቆይ አስካለ፣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «የኔታ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ሞተችብኝ፤ ውለታዋን ለማን ልመልስ?» ነው ያልሽኝ። አትቸኩዪ፣ ስሚኝ።

ይህ ገበሬ ያለውን ሁሉ ውርጭ ፈጅቶበት እፍኝ የማትሞላ የቲማቲም ዘር ብቻ ቀረችው። እሷም ካልበቀለች ልጆቹ ጦማቸውን ማደራቸው ነው። ስለዚህ በጥቁር ጭቃ ከተመረገው የጓሮ ግድግዳው ላይ እንጨት አስደግፎ፣ ላስቲክ ወጥሮ፣ ከሥሩ ዘራት። ፀሐይ በላስቲኩ አልፋ ገባች፤ ውስጡ ሞቀ፤ ዘሩም በቀለ። ሰውየው ጠዋት ጠዋት እየገባ ተመስገን ይል ነበር፤ ደስታውን አልቻለውም።

ኋላ ግን ከግድግዳው ሥር ያሉት ችግኞች ገረጡ። አንገታቸው ቀጥኖ ሁሉም ወደ ላስቲኩ ዘመሙ። እሱ በእንጨት እያሰረ ያቀናቸዋል፣ እነሱ መልሰው ይዘማሉ። ተስፋ ቆረጠ።

በዚህ መሐል ሚስቱ ያጠበችውን ነጭ ጋቢ እዚያው ግድግዳ ላይ አሰጣችው።

«ደግሞ የልብስ ማስጫ አደረግሽው?» ብሎ ተነጫነጨ።

«ውጭ ንፋሱ ይጥልብኛል፤ ሲደርቅ አነሳዋለሁ» አለችው። ረስታው ሰነበተ።

አንድ ጠዋት ቢገባ፣ ጋቢው ፊት ያሉት ችግኞች ብቻ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እጁን በችግኙና በጋቢው መሐል ከተተ፤ መዳፉ በራ። በጥቁሩ ጭቃ በኩል ከተተው፤ ጨለመ። ያን ጊዜ ገባው። ፀሐይማ ለሁሉም ገብታለች፤ ግድግዳው ነው ብርሃኗን ውጦ የሚያስቀረው። ሚስቱን ጠርቶ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ኖራ ቀቡት። ብርሃኑ ከግድግዳው እየተመለሰ ጥጋጥጉን ሁሉ አዳረሰ፤ የዘመሙትም ቀና አሉ። በዚያ ዓመት ልጆቹ ጠግበው አደሩ።

እንግዲህ አስካለ፣ አክስትሽ ፀሐይሽ ነበረች፤ ግድግዳው አንቺ ነሽ። ግድግዳ ብርሃኑን ለፀሐይ ልመልስ ቢል አይደርስላትም፤ እሷም አልጠየቀችው። እግሩ ሥር ላሉት ነው የሚመልሰው። እኔም አክስትሽን አመሰግናታለሁ፣ ነፍሷን ይማረውና፤ አንቺን የመሰለች ልጅ አሳድጋልን ሄዳለች። አንቺ ግን ይኸው ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ ጥቁርሽን ለብሰሽ በርሽን ዘግተሽ ተቀምጠሻል። እናቷ የሞተችባት የጎረቤትሽ ልጅ ትናንትም ደጅሽ ቆማ አይቻታለሁ።

ለማን ልመልስ አልሽኝ? ሂጂ፣ ነጭ ነጠላሽን ልበሺና በሩን ክፈቺላት።