የፍየል አቋራጭ

ተረት ተረት፤ እኔም ሳልናደድ ልጨርሰው፣ እናንተም ሳታቋርጡኝ ስሙ።

ፍየልና በግ በአንድ አሞሌ ጨው ተጣሉና ዳኝነት ፍለጋ ወደ ሽማግሌው ኤሊ ሄዱ። ኤሊ ደጁ ላይ በድንጋይ የከለለው ጠባብ ጠመዝማዛ መንገድ አለው፤ ዞሮ ዞሮ መሀሉ ላይ ያልቃል። ባለጉዳይ ሁሉ መንገዱን ዝም ብሎ ተጉዞ መሀል ሲደርስ ነው የሚዳኘው። ኤሊ ጨዉን መሀል አስቀመጠና «ሂዱ፤ እኔም ከኋላችሁ እመጣለሁ» አላቸው።

ፍየል ድንጋዩን እየዘለለች ወዲያው ጨዉ አጠገብ ደረሰች። በግ ግን ትዞራለች። ደረሰች ሲሏት መንገዱ መልሶ ወደ ዳር ይወስዳታል።

«ኧረ እዚህ ነኝ! ምን ያዞርሻል? ዝለይ እንጂ!» እያለች ፍየል ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። ኤሊማ ገና ከመግቢያው ፈቅ አላለም!

በመጨረሻ በግ መሀል ደረሰች። ጨዉን አየት አደረገችና «እመት ፍየል፣ ውሰጂው። የኔስ ንዴት መንገድ ላይ ወጣልኝ» ብላ ጋደም አለች።

«አይሆንም! ረትቼሽ ነው እንጂ ሰጥተሽኝማ አልወስድም! አያ ኤሊ፣ ፍረድ እንጂ!»

«በማንና በማን መካከል?» አለ ኤሊ ከወዲያ ሆኖ።

ፍየል የተኛችውን በግ አየች፤ ጨዉን አየች። ከዚያ እየተነጫነጨች ዘላ ወጣችና በመግቢያው በኩል እንደ አዲስ ገባች።

የኔ ተረት አለቀ። እሷ ግን እስካሁን ከኤሊ ኋላ ናት።