ቀንዱ ከየት መጣ

አንድ ጊዜ፣ በመስከረም መባቻ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ አንድ አህያ በሸንበቆ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ደረቱን ሳላ በሚባለው የቆላ እንስሳ ረጅም ቀንድ ተወግቶ ሞተ። ሬሳውን ያገኙት ውሃ ሊጠጡ የወረዱ ሚዳቋዎች ናቸው። ቀንዱ ደረቱ ላይ እንደተሰካ ነበር። አንድ የኋላ እግሩ ግን በቦታው አልነበረም።

የዚያ አገር ሕግ አጭር ነው፤ ማንም እንስሳ ከገላው ያልበቀለ መሣሪያ አይያዝ ይላል። አንበሳ በጥፍሩ፣ ጃርት በእሾሁ፣ አህያ በኮቴውና በጩኸቱ ይኑር። የሞተ እንስሳ ቀንድ ይዞ የተገኘ ከአገር ይወጣል፤ ነገሩ በዕርቅ ካለቀ ግን ቅጣቱ ይቀራል። ሕጉን ያወጀው አንበሳ ነበር። ሕጉ ሲጣስ የሚመረምር ግን አልሾመም። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያስፈልግ አልመሰለውም።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አንበሳ አፉን ሳይከፍት አያ ጅቦ ከመካከል ተነሣ። ሆዱ ገና አልጎደለም።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ፊት ለፊት ገጠምኩት፤ አንዴ ስወጋው ወደቀ።»

«ሳይጠሩት አቤት» አለ ዝንጀሮ ከቅርንጫፉ ላይ።

«ወንድ ልጅ የሠራውን አይደብቅም።»

«እግሩንስ የት ደበቅከው?»

«እሱን በላሁት። መቼም አይጣል።»

እመት ቀበሮ ቀስ ብላ ተነሣች። በዚያ ዓመት የተጣላ ሁሉ የታረቀው በእሷ ሽምግልና ነበር። «ገዳዩ አምኗል» አለች። «ሟችም ተቀብሯል። አያ ጅቦ ለቤተሰቡ ካሳ ይስጥ፤ እስከ በልግ ድረስ በአህዮች ሰፈር አይለፍ። ታርቀን ወደየቤታችን እንግባ፤ ፀሐዩም ከረረ።»

ብዙዎቹ ራሳቸውን በመነቅነቅ ተስማሙ። ስብሰባ ሰልችቷቸው ነበር። ሊነሡ ሲሉ የሟች ሚስት እመት አህዪት ውርንጭሎቿን አስከትላ ወደ ፊት መጣች።

«ካሳውን አልፈልግም» አለች። «ጅብ አህያ በላ ሲባል አዲስ ነገር አይደለም። እናቴንም የበላት ጅብ ነው፤ በጥርሱ ነው የበላት። በቀንድ የተወጋ አህያ ግን ሰምቼ አላውቅም። ቀንዱ ከየት መጣ? አንድ ከመጣ ሌላም ይመጣል። ልጆቼ ነገም የሚጠጡት ከዚያው ወንዝ ነው።»

«እመት አህዪት፣ የሚያናግርሽ ሐዘን ነው» አለች ቀበሮ።

«ሐዘንስ ዝም ነው የሚያሰኘው።»

አንበሳ አዛጋ። ዕርቁ በቶሎ ቢያልቅ ይወድ ነበር፤ ጥያቄው ግን በአደባባይ ተነሥቷል። ከጎኑ የቆመውን ባሻ ከርከሮን አየው። ባሻ ከርከሮ ሽማግሌ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ መሬት ቆፍሯል፤ ወሬ አይወድም።

«ነገሩን አጣራ» አለው አንበሳ። ሌላ አልጨመረም።

*

ባሻ ከርከሮ ቀንዱን ይዞ መጀመሪያ የሄደው ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ነው። አያ ጅቦ አጥንት ይቆረጥማል።

«ቀንዱን ከየት አመጣኸው?»

«የአያቴ ነው። ውርስ።»

«አያትህ ቀንድ ነበራቸው?»

አያ ጅቦ መቆርጠሙን አቆመ። «ሳይኖራቸው አይቀርም» አለ። «ሲሞቱ ግን አላየሁባቸውም።»

«ስትወጋው በምን ያዝከው?»

«በአፌ ነዋ። እዚህ ወፈር ያለው ጋ ጥርቅም አድርጌ ነከስኩት።»

«እስቲ አሁን ንከሰው።»

አያ ጅቦ ነከሰው። የነከሰው ወፍራም ጫፍ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ስባሪውን ማኘክ ሲጀምር ባሻ ከርከሮ በኮቴው ረግጦ ከአፉ አስጣለው።

«ይህ ማስረጃ ነው።»

«አጥንት መስሎኝ ነው።»

ባሻ ከርከሮ የቀረውን ቀንድ ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። የጅብ ጥርስ ያለፈበት ቦታ ተሰብሯል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ግን ሌላ የቆየ ምልክት አለ፤ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ጥርስ አጥብቆ የያዘበት። እንዲህ ያለው ጥርስ ሣር ይግጣል እንጂ አጥንት አይሰብርም።

«ጅቦ፣ አንተ አልገደልከውም።»

«ገድያለሁ አልኩህ እኮ» አለ አያ ጅቦ ተቆጥቶ። «ምን ዓይነት መርማሪ ነህ? ሌላው አላደረግሁም የሚለውን ይዞ ይጨቃጨቃል፤ አንተ ካመነ ጋር ትጨቃጨቃለህ።»

ባሻ ከርከሮ ከዚያ በወንዙ ዳር የሚያድሩትን ሁሉ ጠየቀ። ያን ዕለት አመሻሽ የአህያ ጩኸት የሰማ አልነበረም። ጅብ የያዘው አህያ ሲጮህ ሁለት ኮረብታ ተሻግሮ ይሰማል። ሁሉም አንድ ቃል ተናገሩ፤ ጩኸት አልነበረም። ይህንንም ያዘ።

የሳላ ቀንድ በዚያ አገር አይገኝም። ሳላዎች በድርቁ ዓመት ታች ቆላ ላይ አልቀዋል፤ ቀንዳቸው እዚያው ሜዳ ላይ ተበትኖ ቀርቷል። ወደ ቆላ ስትመላለስ የምትታየው ደግሞ እመት ቀበሮ ብቻ ነበረች። ባሻ ከርከሮ ወደ ጉድጓዷ ሄደ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ አገኛት።

«እንዴት ዋልክ ባሻ። አረጀህ እኮ።»

«ጉድጓድሽን ልይ።»

«በማን ሥልጣን?»

«በአንበሳ።»

«አንበሳ ምን ነበር ያለህ?»

«ነገሩን አጣራ።»

«ነገሩ ምንድን ነው? አህያ ሞተ። ማን ገደለው ተባለ፤ ጅብ ገደልኩ አለ። በቃ፣ ተጣራ። ከዚህ በኋላ የቀረህ የአንበሳ ሥልጣን አይደለም፤ የመቆፈር ልማድህ ነው። የኔ ደጅ ደግሞ በልማድ አይቆፈርም።»

ባሻ ከርከሮ አንድ ጊዜ በግንባሩ ቢገፋው የጉድጓዱ አፍ ይናድ ነበር። አልገፋውም። በጉልበት የገባ መርማሪ ያገኘውን ነገር የሚያምንለት እንደሌለ ያውቃል። ተመልሶ ወደ አንበሳ ወጣ።

አንበሳ ለአደን ሄዷል ተባለ። ሲመለስ በላ፤ ከበላ በኋላ ተኛ። ባሻ ከርከሮ ደጅ ጠና። በመጨረሻ ሲያስገቡት የደረሰበትን ተናገረ።

«ቀንድ አትያዙ ብያለሁ» አለ አንበሳ። «አይበቃም?»

«ጌታዬ፣ መያዙን ከልክለው ከየት መጣ ብሎ መጠየቁን ካልፈቀዱ፣ ያወጁት ሕግ አይደለም፤ ምክር ነው።»

«እንግዲያው ሥልጣኑ ይኑርህ» አለ አንበሳ። «እኔ ነገሩ አለቀ እስክል ድረስ የማንም ደጅ አይዘጋብህ።»

ባሻ ከርከሮ ሲመለስ እመት ቀበሮ ከደጃፏ ተነሥታ ተቀበለችው። «ግባ፣ ቤትህ ነው» አለችው። ጉድጓዱ ባዶ ነበር። ወለሉ አቧራ ላይ ግን ረጃጅም ቀጫጭን ሰንበሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጅራቴን ሳሳርፍ የሚቀር ነው።»

«ስንት ጅራት አለሽ?»

እመት ቀበሮ ሳቀች። ባሻ ከርከሮ አልሳቀም።

*

ከዚያ በኋላ የተኩላን ጎሬ፣ የዝንጀሮን ገደል፣ የጃርትን ዋሻ ፈተሸ። የራሱን ዘመዶችም ፈተሸ። ምንም አላገኘም። ያልገባበት የአህዮች ሰፈር ብቻ ነበር። ሰፈሩ ለቅሶ ላይ ነው፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ በጥያቄ አይገባም። ይህን ልማድ የአገሩ ሁሉ ያከብራል፤ እሱም አክብሮ ነበር። የጠፍጣፋ ጥርሱን ምልክት ግን ከአእምሮው ሊያወጣው አልቻለም። በመጨረሻ ወደ እመት አህዪት ደጅ ሄደ።

«ባሻ፣ አገኙ?» አለችው።

«አላገኘሁም። ያልገባሁበት ያንቺ ሰፈር ብቻ ቀረ።»

«ለቅሶ ቤት በጥያቄ አይገባም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የዘገየሁት፤ መዘግየትም አልነበረብኝም።»

እመት አህዪት ከደጃፉ ዞር አለችለት። ከመኝታው ሣር ሥር ሦስት የሳላ ቀንዶች ነበሩ።

«ለኔና ለልጆቹ ብሎ ያመጣው ነው» አለች። «እመት ቀበሮ ‹አያ ጅቦ ቀንድ ታጥቋል፤ በኮቴ የምትመልሱት እንዳይመስላችሁ› አለችው። ክረምቱን ሙሉ ቀንዶቿን ከቆላ በጀርባው አመላለሰላት። በሸክሙ ዋጋ እነዚህን ሰጠችው። የራሱም አንድ ነበረው።»

«ይህን እያወቅሽ ነው የጠየቅሽው?»

«እነዚህን አውቃለሁ። ደረቱ ላይ የነበረው ግን የጅብ መስሎኝ ነበር። ጅብ ታጥቋል ሲሉ አምኛለሁ። ጅብን የሚያስታጥቀው ይያዝልኝ ብዬ ነው የጠየቅሁት።»

ባሻ ከርከሮ ቀንዱን አሳያት። እመት አህዪት የጥርሱን ምልክት አየች፤ አወቀችውም።

«በአፉ ይዞት ነበር» አላት። «ያን ዕለት ማንም ጩኸት ያልሰማው ለዚህ ነው። ቀንድ የነከሰ አህያ አይጮህም።»

ውርንጭሎቹ ውጭ ይራገጣሉ።

«አንድ ጊዜ ቢጮህ እደርስለት ነበር» አለች እመት አህዪት። «ሁላችንም እንደርስለት ነበር።»

«ይህን ካወጣሁት ባልሽ ሕግ አፍራሽ ይባላል። ካሳም አይኖርሽም።»

«ካላወጡትስ?»

«እመት ቀበሮ ንግዷን ትቀጥላለች።»

«ከስብሰባው በኋላ ጎረቤቶቼ ሁሉ ወደ እሷ ሄደዋል» አለች። «ጅብ በቀንድ ገደልኩ ብሎ ሲያምን ሰምተው ፈሩ። ያውጡት።»

*

ዋርካው ሥር እንደገና ሲሰበሰቡ ባሻ ከርከሮ ያገኘውን በአጭሩ ተናገረ። ከዚያ ወደ አያ ጅቦ ዞረ።

«ዕርቅ የለም። በቀንድ ገድያለሁ ካልክ ዛሬ ከአገር ትወጣለህ። አሁንም ገድያለሁ ትላለህ?»

አያ ጅቦ ዙሪያውን አየ። «ውሃ ልጠጣ ወርጄ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀንድ ነክሶ መጣብኝ። ሸሸሁ።»

«አልሰማንም» አለ ዝንጀሮ።

«ሸሸሁ አልኩ። ዞር ስል ድንጋዩ አድጦት ወድቋል፤ ቀንዱም እሱኑ ወግቶታል። ከዚያ ተመለስኩ።»

«ልትረዳው?»

«ለእግሩ።»

«ታዲያ ለምን ገደልኩ አልክ?» አለ አንበሳ።

«ጅብ ከአህያ ሸሸ ከሚባል፣ ነፍሰ ገዳይ መባል ይሻላል።»

ዝንጀሮ ከሳቁ ብዛት ከቅርንጫፉ ሊወድቅ ነበር። እመት አህዪት አልሳቀችም። እመት ቀበሮም አልሳቀችም፤ የሚመጣውን ታውቅ ነበር። አንበሳ ከወንዙ ማዶ እንድትወጣ ፈረደባት። የእሱ ሥልጣን እስከ ወንዙ ነው። እሷም ሳትቸኩል ተሻገረች።

ቀንድ የያዘ ሁሉ በማግስቱ አምጥቶ ዋርካው ሥር እንዲጥል ታወጀ። በማግስቱ እመት አህዪት ሦስቱን ቀንዶች አምጥታ ጣለች። እስኪመሽ ሌላ የመጣ የለም። ባሻ ከርከሮ ጎረቤቷን አህያ መንገድ ላይ አግኝቶ ለምን እንደቀረ ጠየቀው።

«ሌላው ሲያስረክብ አስረክባለሁ» አለው።

ባሻ ከርከሮ ወደ አንበሳ ወጣ። «በቀበሮ ወለል ላይ የነበረው ሰንበር ከሦስት ቀንድ ይበልጣል» አለ። «የአህዮችን ሰፈር ቤት ለቤት ልግባ።»

«ሰፈሩ እኮ ለቅሶ ላይ ነው» አለ አንበሳ። «የሸጠችውም ወጥታለች። ነገሩ አልቋል።»

ባሻ ከርከሮ እጅ ነሥቶ ወጣ። አንበሳ አልቋል ባለበት ቅጽበት ሥልጣኑም አብሮ አልቆ ነበር።

እመት ቀበሮ ያን ክረምት ጅብ ታጥቋል ያለችው ውሸት ነበር፤ ባሻ ከርከሮ ይህን አረጋግጧል። በተከታዩ መስከረም አያ ጅቦ የሳላ ቀንድ በልጥ ከአንገቱ ጋር አስሮ ውሃ ሊጠጣ ወረደ። ከየት እንዳመጣው ሲጠይቁት ከወንዙ ማዶ አለ። ለምን ሲሉት አህዮች ሁሉ ታጥቀዋል ሲባል ሰማሁ አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ መሣሪያ የከለከለ መንግሥት ከየት እንደመጣና ወዴት እንደገባ የመመርመር ሥልጣኑን ደክሞት መንገድ ላይ ከተወው፣ ዘንድሮ ሰውን ያስታጠቀው ውሸት ለከርሞ እውነት ሆኖ እንደሚጠብቀው ነው።