የአንጓች ባቄላ

ዘር በማዳቀል የታወቀ አንድ ሰው ነበር፤ ሽባባው ይባላል። ደጋ አገር ተወልዶ፣ ተምሮ፣ በአንድ የዘር ማሻሻያ ጣቢያ ተቀጥሮ ፍሬው ትልልቅ የሆነ ባቄላ አወጣ። ባቄላው በደህና ጊዜ ጎተራ ይሞላል፤ ውርጭ ሲመታው ግን ወዲያው ይጠቁራል።

ታላቅ እህቱ አንጓች በተወለዱበት መንደር ትኖር ነበር። ከአማቷ ያገኘችው ባቄላ ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ውርጭ ግን አይደፍረውም። የጎረቤት ማሳ ተቃጥሎ ሲያድር የእሷ ለምልሞ ይነጋል። ዘር የሚለምናት ብዙ ነበር፤ ማንንም ባዶ እጁን ስለማትመልስ አገሩ ያከብራታል። ለወንድሟም አንድ ቁና ሰፍራ ሰጠችው።

"ወንድምዓለም፣ ከትልቁ ጋር አዳቅለው። አገሩ ይጠቀም" አለችው።

ሽባባው ደስ ብሎት ሥራ ጀመረ። የትልቁን ባቄላ አበባ ገና ሳይፈነዳ ከፍቶ፣ ወንዴውን ክፍል በወረንጦ ለቀመና የአንጓችን ባቄላ የአበባ ብናኝ ቀባው። በዚህ ዓይነት ትልቁ ባቄላ እናት፣ የአንጓች ባቄላ አባት ሆነ። ልጆቹ በቀሉ፤ ውርጭ ሲያገኛቸው ሁሉም ጠወለጉ። እሱ አልደነገጠም፤ አንዳንድ ጠባይ በልጆች ተደብቆ በልጅ ልጆች እንደሚወጣ ያውቃል። ከውርጭ ከልሎ ካቆያቸው ዘር ወስዶ እንደገና ዘራ። በተማረው ሕግ መሠረት ከአራቱ አንዱ እንኳ መቆም ነበረበት። አንድም አልቆመም።

እናቱን አባት፣ አባቱን እናት አድርጎ መድገም የሙያው ደንብ እንደሆነ ሽባባው አልጠፋውም። ግን የዘር ወቅት ደርሷል፣ አለቆቹም ውጤት አምጣ ይሉታል። "ልጅ ከሁለቱም እኩል የሚወስድ ከሆነ ብገለብጠው ምን ይለወጣል?" ብሎ ተወው።

በዚያው ሰሞን ገበሬው ዘር ለመምረጥ ተሰበሰበ። አንጓችም ከጎረቤቶቿ ጋር መጥታ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ "የእህትህን ባቄላ እንያዝ ወይስ ያንተን ትልቁን እንውሰድ?" አሉት።

"የእህቴ ባቄላ ውርጭ የመቻል ውርስ የለውም" አለ ሽባባው። "ልጆቹንም የልጅ ልጆቹንም አይቻለሁ። የሚተርፍላት ማሳዋን ጉብታ ስለከለለው ይሆናል።"

ሰው ሲበተን አንጓች ጠጋ አለችው። "ሰው ሳታልል ኖርኩ ማለት ነው?"

"እንደሱ አላልኩም፣ እታለም።"

"ሰው ግን እንደሱ ነው የሰማው" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

"ወንድሟ እንኳ መሰከረባት" መባል ተጀመረ። ዘር ሊለምን ደጇን የሚረግጥ ጠፋ። መንደሩ ትልቁን ባቄላ ዘራ። እሷም የቀራትን ቀቅላ ለልጆቿ አበላችና የወንድሟን ዘር ዘራች።

ጥቂት ዓመታት ደህና አለፉ። ከዚያ ክፉ ውርጭ ወረደና የአገሩ ባቄላ በሙሉ ነደደ። ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ቆላ ወረደ። የአንጓች የበኩር ልጅም ከሄዱት አንዱ ነበር።

ያ ውርጭ ጣቢያውንም አልማረም። ሽባባው የጠቆረውን ማሳ እያየ ሲዞር አጥሩ ሥር አረንጓዴ ባቄላ ቆሞ አገኘ። ከዓመታት በፊት ለማዳቀያው ብናኝ እንዲሰጠው የአንጓችን ባቄላ ለብቻው የዘራው እዚያ ነበር። እሱ ከረሳው በኋላ ፍሬው እየረገፈ በራሱ ሲበቅል ኖሯል፤ ንቦችም የትልቁን ብናኝ አምጥተውለታል። ቆባውን ፈለቀቀው። ፍሬው ትልልቅ ነበር። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ የተወውን ሙከራ አሁን ሠራው። የአንጓች ባቄላ እናት ስትሆን ልጆቿ ሁሉ ውርጩን ቻሉት። ነገሩ ገባው። የውርሱ አብዛኛው በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ነው፤ እሱን እናትም አባትም እኩል ይሰጣሉ። ጥቂቱ ግን ከአስኳሉ ውጭ፣ ቅጠሉን አረንጓዴ በሚያደርጉት ደቃቅ ክፍሎች ውስጥ ይኖራል። የባቄላው ብናኝ ያንን ይዞ አይሻገርም፤ የምታወርሰው እናቲቱ ብቻ ናት። እሱ ደግሞ የእህቱን ባቄላ አባት ብቻ አድርጎ መርምሮ ነበር የፈረደባት።

ዘሩን ይዞ ወደ አንጓች ሄደ። "ባቄላሽ እውነተኛ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አላት።

ፍሬውን በመዳፏ አገላበጠችው።

"በየዓመቱ በዓይንሽ ስታዪው ኖረሽ ለምን ትንሽ እንኳ አላስቀረሽም?"

"አንተን አምኜ ነዋ" አለችው። "የተማረ ወንድሜ ሲናገር ዓይኔን ተጠራጠርኩ።"

ሽባባው ሰው ሰብስቦ ስህተቱን ተናገረ፤ አዲሱንም ባቄላ አከፋፈለ። ባቄላው ዛሬም በዚያ አገር ይዘራል። ነገር ግን የፊተኛውን ቃሉን ከሰሙት ብዙዎቹ የኋለኛውን ለመስማት አልነበሩም። የአንጓች የበኩር ልጅም ከቆላ አልተመለሰም።

ሽባባው የተማረው ሕግ ሐሰት አልነበረም፤ ሁሉን ግን አይሸፍንም ነበር። ሰው ለብዙ ነገር የሠራ ሕግ ሲይዝ፣ ሕጉ ያልደረሰበትን ሁሉ ውሸት ማለት ይቀለዋል። በተለይ የሚታመን ሰው ግማሽ መርምሮ ሙሉ ከፈረደ፣ ሌሎች በዓይናቸው ያዩትን እውነት እንኳ ያስጥላቸዋል። እርስዎስ በአንድ ወገን ብቻ አይተው የፈረዱበት ሰው የለም? ካለስ፣ ዛሬ ቢፈልጉት ያገኙት ይሆን?