ዶክተር ክንፈ ያዩት ፊልም

አንድ ቀን፣ ያውም የምረቃው ጋዋን ተከፋፍሎ ተማሪው ሁሉ በመስታወት ፊት በሚሽከረከርበት ሳምንት፣ ዝናቡ የሚባል የማኔጅመንት ተማሪ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ተጠራ። ክሱ ቀላል አልነበረም፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ከገዛ መምህሩ ከዶክተር ክንፈ ሰርቋል ነው የተባለው። ስርቆቱ ከተረጋገጠ ጋዋኑ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ዝናቡም ጋዋኑን ተከትሎ ከግቢው ይሸኛል።

ነገሩ የተጀመረው በዶክተር ክንፈ የንግድ ስልት ትምህርት ነው። ዶክተሩ ነጋዴንና ባንክ ዘራፊን የሚለያቸው የንግድ ፈቃድ ብቻ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ሁለቱም ገበያ ያጠናሉ፣ ሰው ይመለምላሉ፣ ሥራ ይከፋፈላሉ፣ መውጫ በራቸውን አስቀድመው ያዘጋጃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ አንድ የዘረፋ ፊልም ወይም ልብ ወለድ መርጦ፣ ዘራፊዎቹን እንደ ድርጅት ቆጥሮ ስልታቸውን እንዲተነትን አዘዙ። አንዱ የመረጠውን ሌላው መድገም ክልክል ነው። ምርጫው በስም ዝርዝር ተራ ይካሄዳል፤ ዝርዝሩ ደግሞ፣ እንደ ግቢው ልማድ፣ በፈረንጅ ፊደል ቅደም ተከተል የተሰደረ ነው። በዚያ ፊደል የዝናቡ ስም የሚገኘው ከሁሉም ግርጌ ነው።

በዶርሙ ውስጥ ፊልም የሚገኘው ከአንድ ፍላሽ ነበር፤ መላው ፎቅ እየተቀባበለ የሚገለብጠው። ስማቸው ከዝርዝሩ አናት ላይ የሰፈረው ልጆች ፍላሹን ጠራርገው ወሰዱት። ተራው ዝናቡ ዘንድ ሲደርስ የተረፈው የእግር ኳስ ጨዋታና ማን እንደጫነው የማይታወቅ የሠርግ ቪዲዮ ብቻ ነበር። ዶክተሩ እስክሪብቶአቸውን ይዘው ይጠባበቃሉ። ዝናቡም ፊቱ ሳይለወጥ፣ ምርጫው «የጥርስ ሐኪሙ ምድር ቤት» የተባለ የአርጀንቲና ፊልም መሆኑን አስታወቀ። አርጀንቲናን የመረጠው ከክፍሉ ውስጥ አገሩን የረገጠ ሰው ስለሌለ ነው።

ዶክተር ክንፈ በዝግታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ ሥራ ነው፤ አውቀዋለሁ» አሉ።

ዝናቡ ያን ጊዜ ደነገጠ። እሱ ራሱ ፊልሙን ካወቀው አንድ ትንፋሽ እንኳ አልሞላውምና።

ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ግን መሥራት ግድ ነው፤ ዝናቡም ቁጭ ብሎ ፊልሙን ፈጠረው። ዘራፊዎቹ ከባንኩ ጎን የጥርስ ክሊኒክ ይከፍታሉ፤ ከጥርስ ሐኪም ቤት የመሰርሰሪያ ድምፅ ቢሰማ ማንም ምን እየተቆፈረ ነው ብሎ አይጠይቅም። ግድግዳው በተቦረቦረ ቁጥር ከወረፋ የተቀመጠው ሕመምተኛ የሚራራው ለውስጠኛው ሕመምተኛ ነው። የባንኩን ዘበኛ በነፃ ያክሙታል፤ ይህንን ዝናቡ «የረጅም ጊዜ የደንበኛ ግንኙነት» ብሎ ሰየመው። በመጨረሻም የባንኩ ሥራ አስኪያጅ መንጋጋው ታሞ ራሱ ይመጣል። አፉን ካስከፈቱት በኋላ የካዝናውን ነገር አንድ በአንድ ይጠይቁታል፤ መናገር ስለማይችል ራሱን በመነቅነቅ ይመልሳል። ዝናቡ ከዚህ ላይ ፊልሙን ትቶ ወደ ትንታኔው ገባ፤ ስለ ገበያ ጥናት፣ ስለ ሽፋን ምርትና ስለ ተፎካካሪ መረጃ አትቶ በምክረ ሐሳብ ደመደመ።

የዶርም ጓደኛው ገረመው ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ ፊልሙን ካላሳየኸኝ ብሎ እግሩን ተከለ። ዝናቡ ፋይሉ ተበላሽቷል አለው። ገረመው ለቀናት አኩርፎ ሰነበተ።

ዶክተር ክንፈ ረቂቁን ላርመው ብለው ወሰዱ፤ እርማቱም ረዘመ። ከርሞ ከርሞ ጽሑፉ በኮሌጁ የምርምር መጽሔት ላይ ወጣ፤ ታርሞ ሳይሆን የጸሐፊው ስም ተለውጦ። ከአናቱ ላይ ዶክተር ክንፈ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ስለ ዘረፋ በጥልቀት ሲያስቡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነበረ። ዝናቡ የመጨረሻውን ቅጂ ሲያስገባ የኮሌጁ የኩረጃ መመርመሪያ ኮምፒውተር ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር በቀይ አቀለመው። ኮምፒውተር ማን ከማን እንደሰረቀ አይመረምርም፤ ቀድሞ ያሳተመውን ባለቤት፣ ኋላ የመጣውን ሌባ ያደርጋል።

ይህንን የሰማ ገረመው ኩርፊያውን ትቶ፣ እውነቱን ተናግረህ ተገላገል አለው። ዝናቡም የትኛውን እውነት ሲል መለሰለት። ጽሑፉ የእኔ ነው ቢል ማስረጃው ፊልሙን ራሱ መፍጠሩ ብቻ ነው፤ የሌለ ምንጭ የጠቀሰ ተማሪ ደግሞ በዚያው ደንብ በዚያው በር ይወጣል። ዝም ቢል ሌባ፣ ቢናገር ውሸታም ሆኖ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው።

«እኔ እንደሆንኩ ያንን ፊልም ሳላይ ቀረሁ» አለ ገረመው፤ ማጽናናቱ ነበር።

ኮሚቴውን የሚመሩት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ እማዋይሽ ነበሩ፤ በሥራ ቦታ ሲስቁ ያያቸው ሰው የለም። ቃላቸውን በቅድሚያ እንዲሰጡ የጋበዙት ዶክተር ክንፈን ነው። ዶክተሩ በሰፊው ተናገሩ። ፊልሙን መጀመሪያ ያዩት ውጭ አገር ሲማሩ ከአንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት እንደነበረ፣ ሕዝቡ ቆሞ እንዳጨበጨበ፣ ከዚያ ወዲህም ሆድ ሲብሳቸው እየደጋገሙ እንደሚያዩት ገለጹ። ሐሳቡን በክፍል ውስጥ እንደዋዛ ቢያነሱት ይህ ልጅ ተሸክሞት ሄደ። የሚያሳዝናቸው፣ አሉ፣ ስርቆቱ ሳይሆን ስልት የሌለው መሆኑ ነው።

ወይዘሮ እማዋይሽ ወደ ዝናቡ ዞሩ፤ የምትለው ካለህ አጠር አድርገህ ተናገር አሉት። ዝናቡ ተነሥቶ የሚለው እንደሌለ፣ ዶክተርን ግን አንድ ነገር ለመጠየቅ እንዲፈቀድለት ለመነ። ተፈቀደለት።

«ዶክተር፣ ፊልሙ መጨረሻው ምንድን ነው?»

ዶክተር ክንፈ ከወንበራቸው ሊነሡ ጥቂት ቀራቸው።

«ይኸው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? ፊልሙን አላየውም።»

«አላየሁትም» አለ ዝናቡ።

የኮሚቴው አባላት ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ ማኅደሩን ለመዝጋት እጁን ሰደደ፤ ወይዘሮ እማዋይሽ ግን በእርሳሳቸው ገታ አደረጉት።

«ዶክተር፣ ይንገሩን እንጂ። ሥራ አስኪያጁን አፉን እንደከፈተ ትተውብን እኮ ነው ወደ ትንታኔው የገቡት።»

ዶክተሩ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ሥራ አስኪያጁ፣ አሉ፣ አፉን ሊጉመጠመጥ ጎንበስ ሲል በግድግዳው ላይ ያለውን ቀዳዳ ያያል። ይጮሃል ተብሎ ሲጠበቅ አይጮህም። ባንኩ ዕድሜውን ሙሉ አገልግሎ ዕድገት የነፈገው ሰው ነውና፣ ጥርሱን ጨርሱልኝና አብሬያችሁ ልሂድ ይላል። የመጨረሻው ትዕይንት መርከብ ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ አስኪያጁ ፖም ይገምጣል፣ ካሜራው በወርቅ ጥርሱ ላይ ይቆማል፣ ሙዚቃው ቀስ እያለ ይጠፋል። እዚህ ላይ የዶክተሩ ድምፅ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ዛሬም ድረስ፣ አሉ፣ ያችን ፖም ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

ዝናቡ በአክብሮት እጅ ነሣ።

«እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ፊልሙን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሰውየውን አፉን ካስከፈትኩት በኋላ ግን እንዴት አድርጌ እንደምጨርሰው ጠፍቶኝ ነበር።»

ወይዘሮ እማዋይሽ የዚያን አሮጌ ሲኒማ ቤት ስም ጠየቁ። ዶክተር ክንፈ ውኃ ጠየቁ። የሲኒማ ቤቱ ይቅርና የፊልሙ አዘጋጅ ስም ማን ነው ቢባሉ፣ የመጣላቸውን ውኃ መጠጣት ቀጠሉ።

ወይዘሮ እማዋይሽ ማኅደሩን ወደ ራሳቸው ስበው የመመረቂያ ጽሑፉን ትእዛዝ አነበቡ፤ ልብ ወለድ መተንተን የተፈቀደ ነው፣ ደራሲው ራሱ ተንታኙ መሆን የለበትም የሚል ቃልም አላገኙበትም። ዝናቡ ሽፋኑ ላይ «ፊልም» የሚለውን ሰርዞ «ልብ ወለድ» ብሎ እንዲያስገባና ከጓደኞቹ ጋር እንዲመረቅ ወሰኑ፤ ዶክተሩን ቆየት ይበሉ አሏቸው። ዝናቡ አመስግኖ በሩ ጋ ሲደርስ ግን መልሰው ጠሩት።

«ስማ ልጄ፣ የመርከቡንና የፖሙን ነገር ከጨመርክበት ምንጭህን ጥቀስ፤ እሱ የዶክተር ክንፈ ሥራ ነው።»