ወገራ ያልደረሰው ዜና

አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ቤት፣ በአይሁድ የመብራት በዓል በሐኑካ ሰሞን፣ ልብሳቸውን እያጠፉ ሻንጣ ውስጥ ይከቱ ነበር።

ማንም አላባረራቸውም። ቤቱ ሞቃት ነው፤ ምግቡ ሞልቷል፤ የልጅ ልጆች ዙሪያቸውን ይሯሯጣሉ። ታዲያ ምን ሆነው ነው ሻንጣ የሚያዘጋጁት? ወገኖቼ፣ ልንገራችሁ። በሚመጣው ሳምንት ሐኑካ በየቤታችን ስለሚገባ፣ ይህን ሰምታችሁ እንድትቀበሉት እፈልጋለሁ።

እኚህ ሽማግሌ ቄስ ተገኘ ይባላሉ። በአገር ቤት፣ ወገራ ውስጥ፣ የአይሁድ ካህን ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ኦሪቱን በግዕዝ ሲያነቡ፣ የፋሲካውን በግ ሲሠዉ፣ በስግድ ቀን ሕዝቡን ተራራ ላይ አውጥተው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ሲማለዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እስራኤል ከገቡ በኋላ ባለቤታቸው ሞቱባቸውና ልጃቸው ዳኛቸው ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ዳኛቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሚስቱ ትርንጎ በልጅነቷ መጥታ፣ በሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገች ሴት ናት።

የሐኑካ የመጀመሪያው ማታ ደረሰ። ዳኛቸው በበዓሉ ስምንት ማታ ሻማ የሚበራበትን መቅረዝ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ሱፍጋኒያው፣ ያ በዘይት የተጠበሰው ጣፋጭ፣ በትሪ ቀረበ። ልጆቹ በትምህርት ቤት የተማሩትን መዝሙር ይዘምራሉ። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው ዝም ብለው ያያሉ።

ትንሿ ልጅ ጠጋ ብላ፣ «አያቴ፣ አንተ ለምን አትዘምርም?» አለቻቸው።

«አላውቀውም ልጄ። በእኛ አገር ይህ በዓል አልነበረም።»

ልጅቷ ሳቀች። «አይሁድ ሁሉ እኮ ያውቀዋል!»

ልጅ ናት፤ ክፋት የለባትም። ቄስ ተገኘ ግን ተነሡ። እራት ሳይቀምሱ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉት።

በማግሥቱም ማታ አልወጡም። ዳኛቸው ከሥራ ደክሞት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «አባባ፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው እኮ። ዝም ብለው ይምጡና ይለኩሱ። ልጆቼን አያሳፍሩብኝ።»

«ዝም ብለህ አድርግ ተብዬ አድርጌ አላውቅም» አሉት። «በኦሪቱ የለም። አባቶቼም አላከበሩትም። ለመሆኑ አሁን የማሳፍርህ እኔ ነኝ?»

ዳኛቸው ነገሩ ከአፉ እንዳመለጠው ገባው፤ ግን ይቅርታ አልጠየቀም። ጥሏቸው ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ሌላ ከተማ ለምትኖረው ሴት ልጃቸው ስልክ ደውለው፣ «ማታ መጥተሽ ውሰጅኝ» አሏት። ሻንጣው የወጣው ያን ጊዜ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ይህ ስለ ሻማ የተነሣ ጠብ ይመስላችኋል?

ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ምግብ ይዛ ገባች። ሻንጣውን አየች። ሰሃኑን አስቀመጠችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ምንድን ነው ያስከፋዎት?»

የያዙትን ልብስ ሻንጣው ላይ አኖሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እዚህ አገር ስንደርስ አይሁድ መሆናችሁን አስረዱ አሉን። እኔን! በዚህ ስም ርስት የተከለከልሁትን፣ በዚህ ስም የተሰደብሁትን! እሺ ብዬ ቻልሁት። ቀጥሎ ይህ ይጎድላችኋል፣ ያን አታውቁም አሉን። እሱንም ቻልሁት። አሁን ደግሞ በገዛ ልጄ ማዕድ፣ ከገዛ የልጅ ልጄ አፍ…» መጨረስ አቃታቸው።

አያችሁ? ጠቡ ስለ ሻማ አልነበረም። እያንዳንዷ ሻማ ለእኚህ ሰው «አንተ ጎደሎ ነህ» የምትል ጣት ሆና ነበር።

ትርንጎ አልተከራከረቻቸውም። እንዲህ ብላ ብቻ ጠየቀቻቸው፦ «አባባ፣ ይህ በዓል ስለ ምን እንደሆነ የነገረዎት ሰው አለ?»

«ስለ ዘይት ነው ይላሉ። ስለ ጦርነትም ይላሉ። ልጆቹ የሚያወሩት ስለ ጣፋጭ ነው።»

«ስለ መቅደሱ ነው።»

ቄስ ተገኘ ቀና አሉ። «ስለ የትኛው መቅደስ?»

«ስለ ኢየሩሳሌሙ፣ ስለ ቤተ መቅደሱ።»

ከዚያ ነገረቻቸው። ክፉ ንጉሥ ተነሥቶ ኦሪቱን እንደ ከለከለ፣ ሰንበትን እንደ ሻረ፣ በመሠዊያው ላይ የረከሰ መሥዋዕት እንደ ሠዋ፤ አንድ ሽማግሌ ካህንና ልጆቹም «እምቢ» ብለው ተራራ ላይ እንደ ሸፈቱ። ሽማግሌ ካህን ስትል የቄስ ተገኘ ዓይን ተለወጠ። ምግቡን ረሱት። ይጠይቋት ጀመር።

«መቅደሱን ማን አነጻው?»

«ካህናቱ ራሳቸው።»

«የረከሰውን መሠዊያስ ምን አደረጉት?»

«አፈረሱት።»

«ድንጋዩንስ? ድንጋዩን የት ጣሉት?»

ወገኖቼ፣ ይህን የሚጠይቅ ማን ነው? በመሠዊያ ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ነው!

«አልጣሉትም» አለች ትርንጎ። «የተቀደሰ ስለነበር ሊጥሉት ፈሩ፤ የረከሰ ስለሆነ ሊሠዉበትም ፈሩ። ነቢይ መጥቶ ይህን አድርጉ እስኪላቸው ድረስ በመቅደሱ ተራራ ላይ በተለየ ስፍራ አኖሩት።»

ቄስ ተገኘ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔም ከአገሬ ስወጣ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የፋሲካውን መሠዊያ ድንጋይ ከብት እንዳይረግጠው ጉድጓድ ምሼ ቀበርሁት። ማንም አላዘዘኝም። ከእኔ በፊት ማንም እንዲህ ማድረጉን አልሰማሁም።» ቀና ብለው አዩዋት። «እነዚህ ሰዎች ወገኖቼ ናቸው።»

«አዎ አባባ።»

«ይህ ከሆነ ስንት ዘመኑ ነው?»

«ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ነው።»

ያን ጊዜ ሽማግሌው አለቀሱ። «አልደረሰንም» አሉ። «ልጄ፣ ዜናው አልደረሰንም። አባቶቼ መቅደሱ መርከሱንም መንጻቱንም ሳይሰሙ፣ ወደ እሱ እየሰገዱ ሞቱ። ደርሶን ቢሆን ኖሮ ወገራ ተራራው ሁሉ እሳት ሲነድበት ታዪ ነበር!»

ፀሐይ ስትጠልቅ ዳኛቸው ከሥራ ገባ። አባቱ ሳሎን ቆመዋል። ታጥበዋል፤ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመዋል፤ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበዋል። ዳኛቸው ሊሄዱ የለበሱ መስሎት ደነገጠ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «አባባ፣ አይሂዱብኝ። ተሳስቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ተነሥ» አሉት። «አንተ የሰማኸውን አደረግህ፤ እኔም ያልሰማሁትን አላደረግሁም። አሁን ሰምቻለሁ። ክብሪቱን አምጣው።»

«ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ብለው በአባቶቻቸው ግዕዝ ጀመሩ። ቀጥሎም የዕብራይስጡን ቡራኬ ትርንጎ ቃል በቃል እየነገረቻቸው ተከተሏት። ለዚህ ጊዜ ያደረሰንን አምላክ የምናመሰግንበትንም ቡራኬ አሉ። «እሱ እኮ ለመጀመሪያው ማታ ብቻ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነህ። ያላበራ ሰው ግን ያበራባት ማታ የመጀመሪያው ናት። የቄስ ተገኘ የመጀመሪያ ማታ ሁለት ሺህ ዓመት ዘግይታ ደረሰች፤ ደረሰች እንጂ አልቀረችም!

ልትወስዳቸው የመጣችው ሴት ልጃቸው እራት በላች፣ አባቷ ስለ መሠዊያው ለልጆቹ ሲተርኩ አመሸች፣ ብቻዋን ተመለሰች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ ወጣቶች፣ እናንተ አባወራዎችና እመቤቶች! ለአባቶቻችሁ ስንት ነገር «ዝም ብላችሁ አድርጉ» ብላችኋቸዋል? ይህን ልበሱ፣ ይህን አትብሉ፣ እዚህ ፈርሙ፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ሥርዓቱን ሰጣችኋቸው። ዜናውንስ ነገራችኋቸው? ሥርዓት ያለ ዜናው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ትእዛዝ ደግሞ ሰውን በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል።

እናንተ አባቶቼና እናቶቼ፣ እናንተንም አልተዋችሁም። ልጅ የማታውቁትን ነገር ይዞ ሲመጣ፣ ከማዕድ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ። «ድንጋዩንስ የት ጣሉት?» በሉ። ያሳለፋችሁት ሕይወት ለጥያቄ የሚበቃ ዕውቀት ሰጥቷችኋል። ማን ያውቃል፣ እንግዳ ያላችሁት ነገር እጃችሁ ሳይታዘዝ ሲሠራው የኖረ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካህናቱ ምን እንደሚያደርጉበት ያላወቁትን ድንጋይ እንኳ አልጣሉም። እኛ ምን ቸኮልን? የአያትህ ግዕዝ አይገባህ ይሆናል። የእናትሽ ጸሎት ከመጽሐፍሽ ጋር አይገጥም ይሆናል። አትጣሉት! በክብር አኑሩት። የሚፈርድ ይመጣል።

እንግዲህ በሚመጣው ሳምንት መቅረዙን መስኮት ላይ አድርጋችሁ ክብሪት ስትጭሩ፣ ቆም በሉና ቤተሰባችሁን ቁጠሩ። በሩን ዘግቶ የተቀመጠ አለ? ካለ ክብሪቱን አስቀምጡት። ግቡ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ በሉ፤ «ምንድን ነው ያስከፋዎት?» በሉ። አትቸኩሉ። ጎረቤት ቀድሞ ያብራ፤ የእናንተ መስኮት ትንሽ ይጨልም። እጁን ይዛችሁ ስትወጡ ታበሩታላችሁ።